ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ጥናት፣ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ጉርብትና ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ሞተር ሳይክል መቀመጫ ላወጋችሁ ተነስቻለሁ። «መምህሩን ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። ነገሩ የአንድ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ሞተር ሳይክል የሌለውም ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነበው የሚጠቅመውን አያጣበትም።

ባለፈው ጥር ወር በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከነባለቤቱ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ስንጫወት «ሞተር ሳይክልህስ እንዴት ነው?» አልኩት። እርሱ መልስ ሳይሰጥ ባለቤቱ ቀደመችው።

«ወንድሜ፣ ስለ ሞተሩ አትጠይቀው። በዚያ ነገር የተነሳ ልንኳረፍ ምንም አልቀረን ነበር» አለችና ሳቀች። እርሱ ግን አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ስኒውን ያሽከረክር ጀመር። ከዚህ በኋላ ታሪኩን ተቀባብለው አወጉን።

ጉዞው እንዴት ተቋረጠ?

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ያገለገለ ትልቅ ሞተር ሳይክል ገዛ። ይህ ዓይነቱ በእኛ ከተማ ዕቃ ሲያመላልስ እንደምናየው ያለ አይደለም። ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተሠራ ሆኖ ከፊቱ ነፋስ የሚከላከል መስታወት፣ በጎንና በጎኑ የዕቃ ሣጥን፣ ከነጂው ኋላም ለሁለተኛ ሰው የሚሆን መቀመጫ አለው። ሐሳቡ ልጆቹን ለአያታቸው ትተው በበጋ ወራት ሁለቱ ብቻ አገር እንዲያዩ ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት በፈረቃ ነው። በሳምንት ውስጥ አብረው ማዕድ የሚቀርቡበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ ጉዞ ለእነርሱ ከመዝናናት በላይ ትርጉም ነበረው።

የመጀመሪያው ጉዟቸው ከሚኒያፖሊስ ተነስተው በደቡብ ዳኮታ ወደሚገኘው ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክና ወደ ራፒድ ሲቲ ነበር። እስከ ራፒድ ሲቲ ያለው መንገድ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ነገር ደስ የሚል ነበር። በሁለተኛው ሰዓት መቀመጫቸው መቆርቆር ጀመረ። በሦስተኛው ሰዓት እርሱ ቂጡን ከወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ፣ እርሷ ደግሞ ከኋላ ሆና እግሯ ሲደነዝዝ ዋለ። 400 ኪሎ ሜትር ሳይሞላቸው ሱ ፎልስ ከተማ ላይ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት እርሷ «ወደ ቤት መልሰኝ» አለችው። ተመለሱ። ቀሪዋን ዕረፍት ቤት ውስጥ አሳለፏት።

«እኔን ያናደደኝ ሕመሙ ብቻ አይደለም» አለች። «ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው።»

ያደረገውም ይህ ነበር። ማንንም ሳያማክር ሱቅ ገብቶ በጣቱ ሲጫኑት ጥልቅ የሚል፣ ለስላሳና ወፍራም መቀመጫ በውድ ዋጋ ገዛ። ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ተቀምጦበት «አልጋ ላይ የተኛሁ መሰለኝ» ብሎ ነበር። የመቀመጫው የፊት ክፍል ለእርሱ ሰፊ ሲሆን የኋላው ክፍል ግን ከበፊቱም የጠበበ ነበር። ሚስቱን አምጥቶ አላስቀመጣትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሙከራ ወጡ። እርሱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እርሷ ደግሞ አርባ ደቂቃ ብቻ ቻሉ። ያን ጊዜ «ይህን ለራስህ ብቻ ነው የገዛኸው» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ።

ለምን ያመናል?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያ መቀመጫ ለምን እንደሚያም እንመልከት። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ጫና ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ እርሳስ በሁለት ጣቶቻቸው መካከል ይዘው እንዲጫኑ አደርጋለሁ። የተጫኑበት ኃይል በሁለቱም ጫፍ እኩል ነው። ነገር ግን የተቀረጸው ጫፍ ይወጋል፤ ያልተቀረጸው አይወጋም። ምክንያቱም ጫና ማለት ኃይሉ ሲካፈል ለሚያርፍበት ስፋት ነውና።

በመቀመጫችን ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ወጣ ያሉ አጥንቶች አሉ። ጠንካራ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ የሚቆረቁሩን እነርሱ ናቸው። የአንድን ሰው 60 ኪሎ ግራም ክብደት 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ብናሳርፈው እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 200 ግራም ይሸከማል። ያንኑ ክብደት በ900 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ብንዘረጋው ግን ድርሻው ወደ 67 ግራም ይወርዳል። ሰውየው አልከሳም፤ ጫናው ግን ወደ ሲሶ ወረደ። የጥሩ መቀመጫ ምሥጢር በአብዛኛው ይኸው ነው።

ጫናው በአንድ ቦታ ሲበዛ በቆዳና በሥጋ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ። ደም እንደልቡ ካልተዘዋወረ ሥጋው ይታመማል፤ ነርቭም ከተጫነ ይደነዝዛል። በዚህ ላይ የሞተሩ ንዝረት፣ ሙቀትና ላብ ሲጨመሩ ስቃዩ ይብሳል። ሕመሙ ደግሞ አደጋም አለው። መቀመጫው የሚያቃጥለው ነጂ ልቡ በመንገዱ ላይ አይሆንም፤ ቂጡን ባነሳና ባስቀመጠ ቁጥርም መሪው ይነካል። ከሞተሩ ከወረዱ በኋላ ቶሎ የማይለቅ መደንዘዝ ካለ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ለስላሳ ሁሉ ምቹ አይደለም

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ የተሳሳተው የት ላይ ነው? ለስላሳነትን ከምቾት ጋር አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። በጣም የላላ ስፖንጅ ሲቀመጡበት ወዲያው ይሰጥማል። አጥንቶቹ ስፖንጁን ጨፍልቀው ከሥር ካለው ጠንካራ የመቀመጫው መሠረት ላይ ያርፋሉ። ያን ጊዜ ስፖንጅ እንደሌለ ይቆጠራል። ጠጠር ያለው ጥሩ ስፖንጅ በመጀመሪያ ሲነኩት «ይህማ እንጨት ነው» ያሰኛል። ነገር ግን ክብደቱን ሳይሰጥም ስለሚሸከም በአራተኛው ሰዓት ላይ የሚመሰገነው እርሱ ነው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ የአምስት ደቂቃ መቀመጥ አይፈርድም። ፍርዱ የሚገኘው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲነዱበት ነው።

ይህን ሲያስረዳን አክስቴ ከወዲያ ሆነው ያዳምጡ ኖሮ፣ «እንዴ ልጄ! ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል?» አሉ። እርሳቸው በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ በበቅሎ ብዙ መንገድ የሄዱ ናቸው። «የአባቴ ኮርቻ እንጨቱ በቆዳ የተለበጠ ነበር። ከላዩ አጎዛ ይደረግበታል። ትራስ አናደርግበትም። ትራስ የተቀመጡበት ቀን ቂጥ ይንሸራተታል፣ ወገብም ይቆረጣል። ኮርቻ የሚለካው ደግሞ ለበቅሎዋም ለተቀማጩም ነው።»

ልጃቸው ይህን ሲሰማ በመገረም አየኝ። በአሜሪካ አገር ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች ዛሬም ከመቀመጫቸው ላይ የበግ አጎዛ ያነጥፋሉና። እኔም ልጅ ሆኜ የቀራሁበት ቤት ትዝ አለኝ። እኛ ምንጣፍ ላይ ስንቀመጥ ሼኹ ከጠዋት እስከ ቀትር ከአጎዛቸው ላይ አይነሱም ነበር። ጠጉሩ ነፋስ ያስገባል፣ ላብ ይመጣል፣ ቆዳንም ከመፋተግ ያድናል።

ሲመርጡ ምን ይታያል?

በአንደኛ ደረጃ ስፋትና ቅርጽ ይታያል። ከኋላ፣ አጥንቶቹ በሚያርፉበት ቦታ፣ ሰፋ ያለ መሆን አለበት። ከፊት ደግሞ ጠበብ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ጭንን ከፍቶ እግር መሬት እንዳይደርስ ያደርጋል። መሐሉ እንደ ጉብታ ካበጠ ክብደቱ ሁሉ በማይገባ ቦታ ላይ ይወድቃል።

በሁለተኛ ደረጃ ዘንበል ማለቱ ይታያል። ብዙ መቀመጫዎች ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ነጂው ሳያውቀው ወደ ነዳጅ ታንኩ እየተንሸራተተ በየደቂቃው ራሱን ወደ ኋላ ይስባል። ቀኑን ሙሉ ይህን ሲያደርግ የዋለ ሰው ቂጡን ብቻ ሳይሆን ክንዱንና ወገቡንም ያመዋል።

በሦስተኛ ደረጃ ቁመቱ ነው። መቀመጫው ከፍ ሲል ጉልበት ስለሚዘረጋ ረጅም ሰው ይመቸዋል። አጭር ሰው ግን በሚቆምበት ጊዜ እግሩ መሬት ካልረገጠ ያን ሁሉ ክብደት ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ መቀመጫ ከመቀየር በፊት መሪውና የእግር ማሳረፊያው ለቁመታችን የተስማሙ መሆናቸውን ማየት ይገባል። የወገብ ሕመም አንዳንድ ጊዜ መቀመጫውን ሳይሆን መሪው መራቁን ያመለክታል።

በአራተኛ ደረጃ የተሠራበት ነገር ነው። ጄል የተባለው ነገር ጫናን ያዳርሳል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ከቆመ ይግላል። በሙቀት የሚለሰልሰው ስፖንጅ ደግሞ በብርድ ጠዋት ይጠነክራል። ቆዳ ይተነፍሳል፣ ከጊዜ በኋላም የተቀማጩን ቅርጽ ይይዛል፤ ዝናብን ግን አይወድም። ሰው ሠራሹ ልባስ ዝናብ ይችላል፤ በሙቀት ጊዜ ያልባል። አጥንት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም ስፌት ያለበትን መቀመጫ መተው ነው። የሱሪ ስፌትም እንደዚሁ ነው። ወፍራም የጂንስ ስፌት ጥሩውን መቀመጫ ያስረግማል።

ከርካሹ እስከ ውዱ

ብዙ ሰው እንደ አክስቴ ልጅ ከውዱ ይጀምራል። የተሻለው ከርካሹ መጀመር ነው። በመጀመሪያ አጎዛ አለ። ቀጥሎ በአየር የሚሞላ ድርብ መቀመጫ አለ። ብዙ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች እርስ በርስ የተያያዙበት ሆኖ ተቀማጩ ሲንቀሳቀስ አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ጫናውን ያመዛዝናል። አንዳንዱ ሰው አየሩን አብዝቶ ይሞላውና በኳስ ላይ የተቀመጠ ይመስል ይንገዳገዳል። ትክክለኛው አጥንቶቹ መሠረቱን ሳይነኩ ትንሽ እስኪቀር ድረስ አየሩን ማጉደል ነው።

የዚህ ነገር አመጣጥ ልብ የሚነካ ነው። ሮሆ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ዓይነት የአየር ትራስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ነበር። እግራቸውና መቀመጫቸው የማይሰማቸው ሰዎች ሳያውቁት በአንድ ጎን ብዙ ሰዓት ተቀምጠው ሥጋቸው ይቆስላል። ለእነርሱ የታሰበው ነገር ኋላ ለሞተር ነጂዎች ተረፈ። በየቤታችን አልጋ ላይ የዋሉ አባት ወይም እናት ያሉን ሁሉ ይህን እናስተውል። ቁስሉን የሚያመጣው ጫናው ነውና በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎናቸውን መቀየር፣ ተረከዛቸውንና ዳሌያቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መንገድ ኦርጅናሉን መቀመጫ ወደ ጥሩ የወንበር ልባስ ሰፊ ወስዶ ስፖንጁን ማስቀየርና ቅርጹን ማስተካከል ነው። ባለሙያው ጎበዝ ከሆነ ዋጋው ቀላል፣ ውጤቱም ጥሩ ይሆናል። አራተኛው ከሌላ አምራች የተሠራ መግዛት ነው። በፍሎሪዳ ያለው ሳርጀንት፣ በካሊፎርኒያ ሆሊስተር ከተማ ያለው ኮርቢን በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። የኮርቢን መሥራች ማይክ ኮርቢን እ.ኤ.አ. በ1974 በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል በሰዓት ከ265 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ሰው ነው። የእነርሱ መቀመጫ ጠጠር ያለ ነው፤ እስኪለመድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት ይጠይቃል። በሁለት ቀን ውስጥ «አልተመቸኝም» የሚል ሰው ሊቸኩል ይችላል።

አምስተኛውና ውዱ በተቀማጩ ልክ ማሠራት ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚሠራው ራስል ዴይሎንግ የሚባለው ጭኖችን ከሥር የሚደግፉ፣ እንደ ክንፍ የተዘረጉ ጎኖች አሉት። ደንበኛው ቁመቱንና ክብደቱን ይጽፋል፤ በሞተሩ ላይ ተቀምጦ የተነሳውን ፎቶግራፍ ይልካል፤ ኦርጅናል መቀመጫውንም ይልካል። በአሜሪካ በ24 ሰዓት 1000 ማይል፣ ማለትም 1609 ኪሎ ሜትር፣ የሚነዱ ሰዎች ማኅበር አለ። በእነዚህ ዘንድ ይህ መቀመጫ ስመ ጥር ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ጉዞ ለማንም አልመክርም። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ስለሆነና በልክ የተሠራ ነገር በአብዛኛው ስለማይመለስ፣ ከማዘዝ በፊት ደጋግሞ ማሰብ ይገባል።

በመጨረሻ ምን አደረጉ?

ሞተሩ ሸራ ለብሶ ከቆመ ከወራት በኋላ አንድ ምሽት የአክስቴ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። «የት የት ላይ ነው የሚያምሽ?» አላት። በስንት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። ከመጀመሪያው ጉዞ ዓመት አልፎታል፤ ይህን ጥያቄ ሲጠይቃት ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

እርሷም ነገረችው። የኋላው መቀመጫ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል በፍሬን ጊዜ በጀርባው ላይ ትወድቃለች። ጀርባዋን የሚደግፍ ነገር ስለሌለ ወገቧ ይዝላል። የእግር ማሳረፊያው ቅርብ ስለሆነ ጉልበቷ ይታጠፋል። «እኔ የመሰለኝ ያመኛል ስል ጉዞውን የጠላሁ መስሎህ እንደምትቀየም ነበር» አለችው። እርሱም «እኔ ደግሞ ዝም ስትይ የደላሽ መሰለኝ» አላት። ውድ አንባብያን፣ በብዙ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ይኸው አይደለምን? አንዱ እንዳይከፋው ብሎ ዝም ይላል፤ ሌላው ዝምታውን እንደ ምቾት ይቆጥረዋል።

ውዱን ለስላሳ መቀመጫ በኪሳራ ሸጠው። ኦርጅናሉን አወጡት፤ የሁለቱንም ፎቶግራፍና ልክ ጨምረው በልክ ለሚሠራ ባለሙያ ላኩት። የላኩት በበረዶው ወራት ነበር። በሚኒሶታ ክረምት ሞተር ሳይክል ስለማይነዳ ሳምንታት መጠበቁ አላጎደላቸውም። ለእርሷ ጠፍጣፋና ሰፊ መቀመጫ ከነጀርባ ድጋፉ ተሠራ። የእግር ማሳረፊያዋንም ዝቅ አስደረጉ።

ሁሉም ነገር አማረ ማለት አይደለም። የእርሱ መቀመጫ በመስፋቱና ከፍ በማለቱ ሲቆም እግሩ እንደ በፊቱ ሙሉ በሙሉ መሬት አይረግጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ነዳጅ ማደያ ላይ ሞተሩን ጥሎታል፤ ደግነቱ ቆሞ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። አሁን እርሷ ከመውረዷ በፊት «ቆይ፣ እግሬን ላደላድል» ይላታል። የገንዘቡም ነገር ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ ቢመካከሩ ኖሮ የለስላሳው መቀመጫ ኪሳራ ለልጆቹ ልብስ በሆነ ነበር።

በተከታዩ በጋ እንደገና ተነሱ። አሁን አንድ ደንብ አወጡ። ሕመም ቢኖርም ባይኖርም በየሰዓቱ ገደማ ቆመው ይወርዳሉ፣ አሥር ደቂቃ ይራመዳሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። የትኛውም መቀመጫ የደም ዝውውርን እንደ መነሳት አያስተካክለውምና። ሱ ፎልስን አለፉ። በሁለተኛው ቀን የባድላንድስን የተሰነጣጠቁ ኮረብታዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ተቀምጠው አዩ። «እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መቆም ነበር» አለች እየሳቀች። በዚህ ጊዜ እርሱም ሳቀ።

አክስቴ ግን ነገሩን በአጭሩ ጨረሱት። «ልጄ፣ እኔ ድሮውንም ነግሬህ ነበር። ከኋላ የተቀመጠውን ሳትጠይቅ መንገድ አይሰመርም።»

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ለራሳችሁ መቀመጫ፣ ለልጃችሁ የትምህርት ወንበር፣ ለአባታችሁ ፍራሽ ስትገዙ ሦስት ነገር አስታውሱ። ለስላሳነቱ አያታልላችሁ፤ በአምስት ደቂቃ አትፍረዱ፤ ከሁሉ በፊት የሚቀመጥበትን ሰው «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ኢንሻአላህ፣ ሰላም ሁኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።